ወገቤ የተባለው ወንድሜ

ዜናው የደረሰኝ የሚቆላ ሰሊጥ በሚሸትበት መንገድ ላይ ነው። እዚህ ኢየሩሳሌም፣ በአሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከቤቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን በምወርድበት ጠባብ መንገድ ዳር አንድ የሰሊጥ ወፍጮ አለ። ሰሊጡን ቆልተው በድንጋይ ይፈጩትና እንደ ማር የሚንጠባጠብ ነገር ያደርጉታል፤ በዳቦ እያጠቀሱ ይበሉታል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እግሬ ይዘገያል። ዘንድሮ ለትንሣኤ ከመጡት ተሳላሚዎች መካከል የገንዳ ውሃዋ ወይዘሮ የሺ ነበረች። ባሏ ሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ እናቷን በልጅነቴ አውቃት ነበር። ክንዴን ይዛኝ ስንወርድ ወፍጮው በር ላይ ቆም አልኩና "እስኪ አሽትቺው፣ መተማ አይደለም?" አልኳት። አሸተተችና ሳቀች። "የእኛው ነው እትዬ፤ ማን ያውቃል፣ ከእኛው ማሳ የመጣ ይሆናል" አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"እትዬ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት ጨንቆኝ ነው የሰነበትኩ። ሐጂ እድሪስ አረፉ እኮ።"

"መቼ?"

"ከጥምቀት በኋላ። ልጆቻቸው ያሉት ገዳሪፍ ስለሆነ እዚያው ተቀበሩ። የመተማ ሰው ክርስቲያኑም እስላሙም ተሻግሮ ነው የቀበራቸው።"

የወፍጮውን በር መቃን ይዤ ቆምኩ። ፊቷን ሳየው ገና ያልወጣ ነገር እንዳለ ገባኝ። "ሌላም አለሽ፤ ንገሪኝ" አልኳት።

"የወንድምዎ የልጅ ልጅ ደሳለኝ፣ ያ አብደራፊ ትራክተር የሚነዳው፣ ሽማግሌ ልኮ ነበር። የአያ ቢያድግን የልጅ ልጅ ሊያገባ ነው። ልጅቷም ወዳዋለች አሉ። አባቷ ግን ሽማግሌዎቹን ቁጭ እንኳ ሳያደርግ መለሳቸው።"

"ምን ብሎ?"

ወይዘሮ የሺ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። "'ከወገቤ ቤት ጋር አንጋባም' ብሎ ነው የሚባለው።"

ወገቤ ማለት ወንድሜ ነው፤ ነፍሱን ይማርና። የክርስትና ስሙ ሌላ፣ እናታችን ያወጣችለት ስም ተገኘ። ወገቤ የሚለውን ያወጣችለት አገር ናት፤ በምስጋና አይደለም። ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ ስሙ ግን ዛሬም በየሰው ደጅ ቆሞ የልጅ ልጁን ይመልሰዋል። የልጅነት ጓደኛው እድሪስ በሕይወት እስካለ ድረስ ስለ ወንድሜ የሚናገር አንድ ሰው ነበረ። አሁን እኔ ቀረሁ፤ እኔ ደግሞ የነገሩን ግማሽ ብቻ ያየሁ ሴት ነኝ። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ነገሩ የጣሊያን ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኛ ዘመኑን የምንቆጥረው ማሽላው በያዘበትና አንበጣ በወረደበት ነበር። የዚያን ጊዜዋ መተማ የሣር ክዳን ቤቶችና ጥቂት ቆርቆሮ ያላት፣ አቧራዋ ቀይ፣ ሙቀቷ ጠዋት ተነሥቶ ማታም የማይተኛ ከተማ ነበረች። ከገበያው ጥግ ላይ የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያው ነበረ፤ ዓይኑን በጨርቅ የታሰረ ግመል ቀኑን ሙሉ ግንዱን ሲያዞር ይውላል፤ ልጆች ከኋላው እየተከተልን እንዞራለን። ከመጭመቂያው ማዶ የእድሪስ አባት ሱቅ ነው። ሰማያዊ ወረቀት የለበሰ የሱካር ራስ፣ የሱዳን ሽቶ፣ ሻይ፣ ተቆልሎ የተቀመጠ አቡጀዲድ። አንድ ጠገራ ብር ይዘሽ ከገባሽ ለእናትሽ ቀሚስ፣ ለራስሽም መቀነት ይዘሽ ትወጫለሽ፤ መልስ ካለሽ ደግሞ ሽማግሌው በእፍኛቸው ተምር ይጨምሩልሻል። በኋላ ሊሬ መጣና ሰው ሁሉ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ እያየ "ይሄ ነገር ዝናብ ቢመታው ምን ይሆናል?" ይል ጀመር። የእድሪስ አባት ግን ሊሬም ሰጧቸው ጠገራ ብር፣ ተምሩን አላስቀሩም።

በዚያች ከተማ ወንድ ልጅ የሚመዘነው በገና ነበር። የገናን ጨዋታ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ቢሆንም ከአገር ርቀው ለተወለዱት ልንገር። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ነው፤ ሩር የምንላት ከግራር ሥር የተጠረበች የእንጨት ኳስ አለች፤ ሁለት ወገን ሆነው እየመቱ ወደ ሌላው ጫፍ ይወስዷታል። የልደት ዕለት ማሽላው ታጭዶ ባለቀበት ማሳ ላይ ይጫወታሉ። የቀረው አገዳ እግር ይቧጥጣል፤ ሩሯም አገዳ እየመታች ወዳላሰቡት ትዘላለች። በዚያ ቀን ጌታ አይቆጣም፤ ሎሌው ቢሰድበውም፣ ቁርጭምጭሚቱን ቢመታውም ስቆ ያልፋል። ከጨዋታው በፊት ግን ሚና ይለያል። ሚና መለየት ማለት ወገን መለየት ነው። በጉልበትና በብልሃት እኩል ናቸው የተባሉ ሁለት ሁለት እየሆኑ ዞር ይሉና በምስጢር ስም ያወጣሉ፤ ከዚያ ወደ ሁለቱ አለቆች መጥተው "ሰሊጥ ትፈልጋለህ ማሽላ?" ብለው ይጠይቃሉ። አለቃው ማን ሰሊጥ፣ ማን ማሽላ እንደሆነ ሳያውቅ ይመርጣል። እንዲህ ሲሆን ኃይሉ ለሁለት እኩል ይከፈላል፤ አድልዎ የለም።

ወንድሜና እድሪስ እኩያ ነበሩ። እድሪስ እስላም ነው፤ ግን ልደትን ከእኛ ጋር ይውላል፣ በዒድም እኛ ከእነሱ ቤት እንውላለን፤ ሥጋው እንኳ ለየብቻ ይታረዳል እንጂ ጨዋታው አንድ ነበር። በከተማው የእነሱ እኩያ ሦስተኛ ሰው ስለሌለ ሁልጊዜ ስም የሚያወጡት ሁለቱ ናቸው። አንድ ጊዜ "ግመል ትፈልጋለህ አህያ?" ብለው መጡ። አለቃው "ከአህያስ ግመል ይሻለኛል" ሲል እድሪስ ዱላውን ጣለና "ይኸው፣ አባቴ ግመል የሚነግድ ሰው ሆኖ ልጁ አህያ ሆነ" ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። ነገሩን ያኔ አላስተዋልኩትም፤ በኋላ ነው የገባኝ። እኩያ በመሆናቸው እነዚያ ሁለት ጓደኛሞች አንድም ቀን በአንድ ወገን ተሰልፈው አያውቁም። አብረው በልተው፣ አብረው ተኝተው፣ ሜዳ ላይ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊት ለፊት ቆሙ። ሰው ወንድሙን ከጎኑ ሆኖ አያውቀውም፤ ፊት ለፊት ሲቆምበት ነው የሚያውቀው።

ያሠለጠናቸው አያ ሙጬ ነው። ከደምቢያ የወረደ፣ በዘመቻ ጉልበቱ የተሰበረ ሰው ነበር፤ በጊዜው በገና ጨዋታ ስሙ የተጠራ ነበር አሉ። ዱላ እየጠረበ ይሸጣል፣ ማታ ማታ ፀሐይ በረድ ስትል ወጣቶቹን ሰብስቦ ያስተምራል። ሌላው ሁሉ ሩጫ፣ ትግልና ምት ያስተምር ነበር። አያ ሙጬ ግን የሚያስተምረው ማየትን ነው። "ዓይንህን ሩሯ ላይ ተክለህ እንደዚያ ግመል የምትዞር ከሆነ ዘይት ይወጣህ እንደሆነ እንጂ ጨዋታ አይወጣህም" ይላል። "ሩር አገልጋይ ናት። የታዘዘችውን ነው የምታደርግ፤ ከአገልጋይ ምን ትጠይቃለህ? ጌታዋን እይ።"

"ጌታዋ ማነው?" ይለዋል አንዱ።

"ወገብ ነዋ። እጅ ይዋሻል። ዓይን ከእጅ ይብሳል። ወገብ ግን ሰውነትን ሙሉ ተሸክሞ ነው የሚዞረው፣ መዋሸት ይከብደዋል።"

"አያ ሙጬ፣ እኔ ታዲያ ጀለቢያ ለብሼ ወገብ የለኝም ማለት ነው?" ይላል እድሪስ።

"አንተማ ድንኳን ውስጥ ሆነህ የምትጫወት ሰው ነህ። የሚያይህ ተገኘ ብቻ ነው፤ እሱም በምኑ እንደሚያይህ አላውቅም።"

እውነቱን ነው። የእድሪስን አመጣጥ ከወንድሜ በቀር ማንም አያውቅበትም ነበር፤ ጀለቢያው ሁሉን ይሸፍነዋል። ወንድሜ ከጀለቢያው ጫፍ እጥፋት ያነብበው ነበር መሰለኝ። የወንድሜ ደግሞ ቁምጣ ስለሚለብስ ወገቡ ለሁሉ ይታያል፤ ግን እሱ ሌላ ብልሃት ነበረው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ትምህርቱ እንዲህ ነበር። እኔና አንዲት የጎረቤት ልጅ የአባቴን ጋቢ ግራና ቀኝ ይዘን እንቆማለን። ከጋቢው ወዲያ አንዱ ሩሯን ሊመታ ይዘጋጃል፤ ከወዲህ ያለው ተማሪ የሚያየው ከመታጠቂያው በታች ብቻ ነው፣ ዱላውም እጁም ተሸፍኗል። ዱላው ሩሯን ሲመታ "ቷ" የሚለው ድምፅ ከመሰማቱ በፊት ተማሪው "ቀኝ" ወይም "ግራ" ማለት አለበት። ከድምፁ በኋላ የተናገረ ተሸነፈ፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ያውቀዋላ። ክንዳችን ዝሎ ጋቢው ዝቅ ሲል አያ ሙጬ "እናንተ ልጆች፣ ጣራው ተደረመሰ" ይለናል። ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ ያለ ጋቢ ነው። መቺው ዱላውን አንሥቶ ሊያወርድ ሲል "ጨፍን" ይላል አያ ሙጬ። ተማሪው ጨፍኖ ሩሯ የት እንዳረፈች በጣቱ ማሳየት አለበት። በመጀመሪያ ሁሉም እንደ ዕውር በረሓ ለበረሓ ይጠቁማሉ። ሰንብተው ሲመለሱ ግን ጨፍነውም ሩሯን ያገኟታል። እኔ ራሴ ጋቢ ይዤ ስቆም ሳላስበው በሆዴ "ግራ" ማለት ጀምሬ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ግራ ይሆናል። ሴት ልጅ ገናን ስለማትጫወት ለማንም አልተናገርኩም።

በቅርቡ እዚህ ከሚማሩ የአገራችን ልጆች አንዱ፣ የስፖርት ትምህርት ነው የሚማር፣ ኳስ ተጫዋቾችን በፊልም እንደሚያሠለጥኗቸው አጫወተኝ። ፊልሙን የመቺው እግር ኳሷን ሊነካ ሲል ያቆሙታል፤ "ወዴት ትሄዳለች?" ብለው ይጠይቃሉ። ሳቅሁበት። እኛ ጋቢ ነበረን፤ ለጋቢ መብራት አያስፈልገውም።

አያ ሙጬ አንድ ነገር አጥብቆ ይከለክል ነበር፤ ማብራራትን። አንድ ማታ ወንድሜ ደጋግሞ ሲያውቅበት አንዱ "በምን አወቅህ?" አለው። ወንድሜ ሊያስረዳ ሞከረ፤ "ተረከዙ እንዲህ ሲል፣ ጉልበቱ እንዲህ ሲል" እያለ። በማግስቱ ጋቢው ፊት ቆመና አንድም አላገኘ። በሦስተኛውም ቀን አላገኘ። ተረከዝ እየፈለገ ሩር አመለጠችው። እድሪስ ደግሞ ነገር አይምርም፤ ወገኖቹን ሰብስቦ ዘፈን አወጣለት፦

ስምህ ተገኘ ነው፣ ሥራህ ግን ጠፋህ፣
ሩሯ በእግርህ ሥር አለፈች እያየህ።

ከተማው ይህን እየዘፈነ ሰነበተ፤ እናቴ እንኳ ማሽላ ስታበጥር ታንጎራጉረው ነበር። አያ ሙጬ ወንድሜን ጠርቶ "ሁለተኛ በምን አወቅህ ለሚልህ አትመልስ። ዓይንህ ያውቃል፣ እግርህ ያውቃል፤ አፍህ ግን አያውቅም፤ የማያውቅ አፍ ሲናገር የሚያውቀው እግር ይሰናከላል" አለው። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ወንድሜ ዕድሜ ልኩን የከፈለባት እሷን ነው።

የመጨረሻው ትምህርት ለጎበዞቹ ብቻ ነበር፤ መጠበቅ ነው። "ቀድመህ ያወቅህ ሰው ቀድመህ መሮጥ የለብህም" ይላል አያ ሙጬ። "አንተ እሱን እንደምታነብ እሱም አንተን ያነባል። ቀድመህ ከሄድክ ሐሳቡን ይለውጣል። ቀድሞ ማወቅ የተሰጠህ ልትጠብቅበት ነው።" ተማሪው መቺውን ያያል፣ ወዴት እንደሆነ ያውቃል፣ ግን አያ ሙጬ "አሁን" እስኪል ንቅንቅ አይልም። ላብ ፊቱ ላይ ይወርዳል፤ ጡንቻው ይርገበገባል። ጎረቤቴ ቴሌቪዥን አላት፤ ኳስ ሲኖር ትጠራኛለች። ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ በረኛው ቀድሞ ይወድቅና ኳሷ በሌላው በኩል ቀስ ብላ ስትገባ አያ ሙጬን አስታውሳለሁ። በዚህ ትምህርት ወንድሜን የሚያህል አልነበረም። ወገቡ ይዞራል፣ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ዱላው ግን አይወርድም። ተቃራኒው እስኪሄድ ይጠብቃል። ከሄደ በኋላ ሩሯን ወደ ተወው ቦታ ይልካታል። በዚህ የማይረታው እድሪስ ብቻ ነበር፤ እሱም አንዳንዴ።

ከዚያ በድንበሩ ላይ የጣሊያን ኬላ ተጠናከረ። ኮረብታው ላይ ምሽግ ተሠራ፣ ወጣቶቹ ድንጋይ እንዲሸከሙ ተነዱ። ወንድሜ ከእድሪስ ቤት ዐረብኛ ስለለመደ ቱርጁማን አድርገው ወሰዱት፤ ለግመል ነጋዴዎቹ የሚያስተረጉምላቸው ሰው ነበር የፈለጉት። ወዶ አልገባም፤ እንቢ ያለ ደግሞ በየት ያልፋል። እድሪስ በበኩሉ ድንበሩን እየተሻገረ ወሬ ያመላልስ ነበር። በቃል ነው የሚይዘው፣ በእጁ ምንም የለ፤ ከበረሓ ያሉት አርበኞች የነገሩትን ማዶ ላሉት ያደርሳል። እንግዲህ ሚናው እንደገና ተለየ፤ አሁንም ፊት ለፊት ሆኑ። ሌሎቹ ባያውቁም ወንድሜ ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ዓይን ለዓይን መተያየት ትተው ነበር፤ ሱቁ ደጅ ሲገናኙ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ።

ያ ቀን የገበያ ቀን ነበር፣ በበጋ። ከመተማ ወደ ማዶ በሚያሻግረው ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋ እየቆፈርን ውሃ እንቀዳለን። እኔ ከጉድጓዱ አጠገብ ነበርኩ፤ ፊት ለፊቴ የውሃ ስልቻ የተጫኑ አህዮች ቆመዋል። ድንገት ወታደሮች ከላይ ወረዱና ተሻጋሪውን ሁሉ፣ ነጋዴውንም ውሃ ቀጂውንም፣ ወንዙ ውስጥ በአንድ መስመር አቆሙት። እኛን ሕፃናቱን ተዉን። ወንድሜ ከመቶ አለቃው ጎን ነበር። የመስመሩ ዳር ቦረቦር አለ፣ ጎርፍ የበላው ገደል፤ ከሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ። ዳር ላይ የቆመው እድሪስ እንደነበረ በኋላ ሰማሁ፤ ከእሱ ቀጥሎ አያ ቢያድግ፣ ማሽላ ሊሸጥ የወረደ የጓንግ ገበሬ። እኔ ያን ጫፍ አላየሁም፤ አህዮቹ ጋረዱኝ። የማየው ወንድሜን ብቻ ነበር።

መቶ አለቃው በቋንቋው ተናገረ፤ በኬላው ጥቂት ጣሊያንኛ የለመደው ወንድሜ እየተንተባተበ ለሕዝቡ አስተረጎመ። "የሚመላለስ ሰው እዚህ መካከል አለ። አሁን ካልወጣ ሁላችሁም ወደ ጎንደር ትሄዳላችሁ።" አንዲት ሴት "የማርያም ያለህ" ስትል ብቻ ሰማሁ። መቶ አለቃው ወደ ወንድሜ ዞረና ትከሻውን በጣቱ ነካው። መናገርም አላስፈለገውም፤ "አንተ ሁሉን ታውቃለህ፣ አሳይ" ማለቱ ነበር።

ጋቢ ይዤ ያደግኩ ልጅ ነኝና ያየሁት ፊቱን አልነበረም። ተረከዙ ከአሸዋው ሲነሣ አየሁ። ወገቡ ወደ ቦረቦሩ ጫፍ ዞረ። በሆዴ "ግራ" አልኩ። ከዚያ ቆመ። ክንዱ አልተነሣም። አቡነ ዘበሰማያት ብሎ ለመጀመር የሚበቃ ያህል ቆመ፤ ላቡ ከጆሮው ሥር ሲወርድ አየዋለሁ። ከዚያ ክንዱ ተነሣ፤ ወገቡ ወደ ዞረበት ጫፍ አመለከተ። ጩኸት ሆነ፣ ወታደሮቹ ሮጡ፣ ተኩስም ተሰማ፤ አህዮቹ ደንብረው ስልቻው ተቀዶ ውሃው ሁሉ አሸዋ ጠጣው። እድሪስ በቦረቦሩ ወርዶ አምልጧል። ወታደሮቹ እሱን ሲያጡ ከጫፍ የተገኘውን ሰው ያዙ፤ አያ ቢያድግ ነበር። ወደ ጎንደር ወሰዱት። ጣሊያን ሲወጣ ተፈታ፤ ግን ደረቱን አሞት ነበር፣ ሌላ አዝመራ ሳያይ አረፈ። ነፍሱን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን።

ሰላም ሲሆን ሽማግሌዎች ወንድሜን ዋርካው ሥር አቆሙት። እድሪስም ተሻግሮ መጥቶ ነበር። "የዳንኩት በእሱ ነው" አለ። "ወገቡ ወደ እኔ ሲዞር አየሁ፣ ዘለልኩ።"

"ክንዱንስ አየኸው?" አሉት አንዱ ሽማግሌ።

"ጀርባዬን ሰጥቼ እየሮጥኩ እንዴት ላየው?"

"ካላየህ አትመስክርለት። ልብህ ጓደኛህ ነው የሚልህን ነው የምትነግረን።" ወደ ወንድሜ ዞሩ። "አንተ ማል። 'ያመለከትኩት እድሪስ ከሄደ በኋላ ባዶውን ቦታ ነው፣ ላድነው አስቤ ነው' ብለህ መስቀሉን ይዘህ ማልና ወደ ቤትህ ግባ። ይበቃናል።"

ወንድሜ መስቀሉን አየው፤ እጁን አልዘረጋም። "በማላውቀው አልምልም" አለ።

"የገዛ እጅህን ሥራ አታውቅም?"

"እጄን አውቃለሁ አባቴ። ወገቤ ግን ቀድሞኝ ነበር።"

ከኋላ አንዱ "እንግዲያ ባንዳው ወገቡ ነዋ፤ ወገቡን እሰሩት" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ሙጬ በሕይወት ቢኖር አይስቅም ነበር፤ እሱ ግን በጣሊያን ጊዜ በንዳድ ሞቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ወገቤ ሆነ፤ ልጆቹም የወገቤ ልጆች።

እኔ አድጌ ካገባሁ በኋላ አንድ ቀን ሰሊጥ ሲከምር አግኝቼ ጠየቅሁት። "ተጌ፣ ለምን አልማልክም? ብትምል ኖሮ ያልቅ ነበር።"

"እቴ፣ አያ ሙጬ ያን ሁሉ በጋ ያስተማረን ምንድን ነው? ሳያስቡ ማድረግን አይደለም? ታዲያ ሳላስብ ያደረግኩትን 'አስቤ ነው' ብዬ መስቀል ልያዝ?"

"ግን ጠብቀሃል። እኔ አይቼሃለሁ።"

ነዶውን አስቀመጠ። "መጠበቄንማ አውቃለሁ። የጠበቅኩት እሱ እስኪሄድ ይሁን ወይስ ፈርቼ ክንዴ ከብዶኝ፣ እሱን እግዜር ይወቀው። ወገቤ ለእድሪስ ተናገረ ወይስ ክንዴ ሊሄድ ወዳሰበበት ቀድሞ ዞረ? ከውጭ ለሚያየው አንድ ነው። ከውስጥም አንድ ሆነብኝ።" ከዚያ ነዶውን አነሣ። ሁለተኛ አላነሣንበትም። እድሪስ በየዓመቱ ለልደት ከገዳሪፍ እየመጣ በወንድሜ ደጅ ይቀመጥ ነበር፤ ስለዚያ ቀን አያወሩም፤ ስለ ግመልና ስለ አህያ ያወራሉ።

ስለ ወንድሜ ብዙ አሰብኩ። እንደ እሱ ያለ ሰው የሚያደርገውን ከማድረጉ በፊት ያውቀዋል፣ ለምን እንዳደረገው ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚሰማው፤ አንዳንዴም አይሰማውም። ውሸታም ቢሆን ኖሮ መማል ቀላል ነበር። አገሬ ግን ያልማለውን ጥፋተኛ አደረገችው፤ አልፈርድባትም፣ የአያ ቢያድግ ልጆች አባታቸውን አጥተዋል።

አሁን ልመናዬ ይህ ነው። ያን ቀን በደረቁ ወንዝ የነበራችሁ፣ በመተማ ዮሐንስም፣ በገንዳ ውሃም፣ ገዳሪፍም ተሻግራችሁ የቀራችሁ፤ ያኔ ውሃ ልትቀዱ የወረዳችሁ ልጃገረዶች ዛሬ እንደ እኔ አሮጊቶች ናችሁ። ከእናንተ አንዷ አህያ ያልጋረዳት፣ ያን ጫፍና ወንድሜን በአንድ ጊዜ ያየች ትኖር ይሆናል። ጥያቄዬ አንዲት ናት። ክንዱ ሲነሣ ከአያ ቢያድግ ጎን የነበረው ቦታ ባዶ ነበር? ወይስ እድሪስ ገና ቆሞ ነበር? ባዶ ነበር የምትይ ካለሽ እባክሽ ወደ ልጅቷ አባት ደጅ ሂጂና በፈጣሪ ስም ንገሪው፤ ልጆቹ ጊዜያቸው እንዳያልፍ። እድሪስ ቆሞ ነበር የምትይ ደግሞ ለእኔ ብቻ ላኪብኝ፤ አትፍሪኝ፣ አልቀየምሽም። ማታ ማታ የወንድሜን ስም ስጠራ "ይቅር በለው" ልበል ወይስ "ተመስገን" ልበል ሳላውቅ ነው እስከ ዛሬ የጸለይኩት።